ከጅማ እስከ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ፦ ጀልባ ላይ እያደሩ ዌል ሻርክ የማየትና የባሕር ዓሣ የመብላት ዝርዝር መመሪያ

ጅማ ላይ የባሕር ጉዞ ሲነሳ ብዙ ሰው ሞምባሳን ወይም ዛንዚባርን ያስባል። እኔ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ጅቡቲ እላለሁ። በዓለም ካሉ ዓሣዎች ሁሉ ትልቁ፣ ዌል ሻርክ፣ በየዓመቱ በእኛ በጋ ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ይመጣል። ከጅቡቲ ከተማ በጀልባ የጥቂት ሰዓት መንገድ ነው። በዚያው ባሕር ዶልፊን፣ የባሕር ኤሊና የኮራል ዓሣዎች አሉ። ማታ ደግሞ የዕለቱ ዓሣ ከመንጠቆ ወደ መጥበሻ ይሄዳል።

ይህ መመሪያ ጀልባው ላይ እያደሩ አራት ወይም አምስት ቀን ለሚቆዩ ነው። ከመጀመሪያው አንድ ነገር ልናገር። የዚህ ጉዞ ዋናው ሥራ የሚሠራው ጅማ ላይ ነው። ባሕሩ መሀል ሆናችሁ መዋኘት አትማሩም። ጀልባም አትቀይሩም። ስለዚህ ከቤት ሳትወጡ የሚደረገው ላይ ብዙ እቆያለሁ።

ደረጃ 1፦ ወሩን ምረጡ

ዌል ሻርኮቹ በብዛት የሚታዩት ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። በዚህ ወቅት ነፋሱ አቅጣጫውን ይቀይርና ባሕሩን ያማስለዋል። ከታች ያለው ለም ውኃ ወደ ላይ ይወጣል። ፕላንክተን የሚባሉት በዓይን ለማየት የሚያስቸግሩ ፍጥረታት ይባዛሉ። ዌል ሻርኩ እነሱን ፍለጋ ይመጣል። በእኛ ክረምት ግን አትሂዱ። ያኔ ጅቡቲ ከ40 ዲግሪ በላይ ትሞቃለች፣ አሸዋ የተሸከመ ነፋስም አለ።

ለጅማ ሰው ችግሩ ወቅቱ ከቡና ለቀማ ጋር መግጠሙ ነው። ማሳ ያለው ወይም ቡና የሚነግድ ሰው በኅዳር የትም አይሄድም። በዚህ ላይ ደግሞ የነቢያት ጾም አለ፤ ኅዳር 15 ገብቶ እስከ ገና ይቆያል። በጾሙ ዓሣ የሚበላም አለ፣ የማይበላም አለ። የማትበሉ ከሆነ የጉዞው ግማሽ ደስታ ይቀርባችኋል።

እኔ የምመክረው ከገና ማግስት ጀምሮ ወደ ጥምቀት ያለውን ጊዜ ነው። ለቀማው አልቋል ወይም ወደ ማለቁ ነው። ጾሙ ተፈቷል። ዌል ሻርኮቹም ገና አልሄዱም። ለቀማም ጾምም የማይዛችሁ ከሆነ ግን ኅዳር መጨረሻና ታኅሣሥ ይሻላል። ለሙስሊም ተጓዥ ዓሣው በራሱ ሐላል ስለሆነ የእርድ ጥያቄ የለም። ረመዳን በዚያ ዓመት የት እንደሚውል ብቻ ተመልከቱ።

ደረጃ 2፦ ወረቀቱን ጨርሱ

ፓስፖርት ለማውጣት ወይም ለማደስ አዲስ አበባ መመላለስ አያስፈልግም። የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ጅማ ላይ ቅርንጫፍ አለው። ማመልከቻው በኦንላይን ይሞላል። ፓስፖርቱ ከጉዞው ቀን በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር የሚያገለግል ይሁን።

የጅቡቲ ቪዛ በኢንተርኔት ይጠየቃል። የመመለሻ ቲኬትና የማረፊያ ማስረጃ አዘጋጁ። ጀልባው ላይ የምታድሩ ከሆነ ከጀልባው ድርጅት ቦታ መያዛችሁን የሚገልጽ ደብዳቤ ተቀበሉ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያዙ። ክትባቱን የምትወስዱት ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድማችሁ ነው። አንዴ ከተወሰደ ዕድሜ ልክ ያገለግላል።

ገንዘብን በተመለከተ፣ የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው። አንድ ዶላር 177 ፍራንክ ከምናምን ነው፤ ይህ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አልተለወጠም። ስለዚህ ሂሳባችሁን ቀድማችሁ በእርግጠኝነት መሥራት ትችላላችሁ። የውጭ ምንዛሪ ከባንክ ለመግዛት ፓስፖርት፣ ቪዛና ቲኬት ይዛችሁ ቅረቡ። ጅቡቲ ርካሽ አገር አይደለችም። ውኃም ታክሲም ከጅማ ጋር አይወዳደርም።

ደረጃ 3፦ መዋኘት ተማሩ፣ ጅማ ላይ

እዚህ ላይ አልለዝብም። ጅማ ተወልዶ ያደገ ሰው አብዛኛው አይዋኝም። ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። አለመዋኘቱን ደብቆ ጥልቅ ባሕር ውስጥ የሚገባ ሰው ግን ራሱንም መሪውንም አደጋ ላይ ይጥላል።

ቢያንስ ሁለት ወር ቀድማችሁ ጀምሩ። ከተማው ውስጥ መዋኛ ገንዳ ያላቸው ሆቴሎች አሉ። አሰልጣኝ ፈልጉ። ቦዬ ረግረግ ወይም ግልገል ጊቤ ግድብ ላይ ለመለማመድ አታስቡ። ቦዬ ጉማሬ አለ። በአካባቢያችን ወንዞችና ግድቦች ቢልሃርዚያም ያሰጋል።

ገንዳው ውስጥ እነዚህን ሳትችሉ አትሂዱ፦

- በጀርባ ተንሳፍፎ አምስት ደቂቃ በእርጋታ መቆየት። ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። የደከመው ሰው በጀርባው ተንሳፍፎ መተንፈስ ከቻለ ጀልባው ይደርስለታል።
- ሳያርፉ 100 ሜትር መዋኘት። ፍጥነት አያስፈልግም።
- ማስክ (የውኃ ውስጥ መነጽር) እና ስኖርክል (የመተንፈሻ ቱቦ) አድርጎ ፊትን ውኃ ውስጥ ነክሮ በአፍ ብቻ መተንፈስ።
- ስኖርክሉ ውስጥ ውኃ ሲገባ በኃይል ተንፍሶ ማስወጣት፤ ማስኩ ውስጥ ሲገባም የላይኛውን ጠርዝ ተጭኖ በአፍንጫ እየተነፈሱ ማውጣት።
- የእግር ክንፍ አጥልቆ ከወገብ መምታት። ከጉልበት የሚመታ ሰው ወዲያው ይደክማል።

ማስኩን ራሳችሁ ግዙ። ሌላው ዕቃ ጀልባው ላይ ይገኛል፤ ማስክ ግን ለፊታችሁ መስማማት አለበት። ማሰሪያውን ሳታስሩ ፊታችሁ ላይ ለጥፉትና በአፍንጫ ትንሽ አየር ሳቡ። እጃችሁን ስትለቁት ካልወደቀ ልካችሁ ነው። ጢም ያለው ሰው ከአፍንጫው ሥር ያለውን ማሳጠር ሊኖርበት ይችላል፤ ውኃ የሚያስገባው እሱ ነው።

ልብስን በተመለከተ ማንም መራቆት የለበትም። እጅጌው ረጅም የሆነ የመዋኛ ልብስ፣ ረጅም ታይትና የመዋኛ ሒጃብ ከፀሐይም ከጄሊፊሽም ይጠብቃል። እንዲያውም ለሁሉም ሰው የምመክረው እንዲህ ያለውን ሸፋኝ ልብስ ነው። ፀሐይ መከላከያ ቅባት ውኃ ውስጥ ሲሟሟ ኮራልን ይጎዳል። ልብስ አይሟሟም።

መዋኘት ያልቻለ የቤተሰብ አባል ይቅር ማለቴ አይደለም። ላይፍ ጃኬት ለብሶ ከመሪ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዞ ኮራል ማየት ይችላል። ዌል ሻርኩንም ከጀልባው ጠርዝ ላይ ሆኖ በደንብ ያየዋል። ፕላንክተኑ ወደ ላይ ሲወጣ ዓሣውም አፉን ከፍቶ ውኃው ፊት ላይ ስለሚበላ ጀርባው ይታያል። ነፍሰ ጡር፣ የልብ ሕመም ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ግን መጀመሪያ ሐኪም ያናግር።

ደረጃ 4፦ ጀልባውን በጥያቄ ፈትኑት

ጅቡቲ ላይ ሦስት ዓይነት ጉዞ አለ። አንደኛው በፈጣን ጀልባ ጠዋት ወጥቶ ማታ መመለስ ነው። ሁለተኛው ቡትር በሚሏቸው፣ በጥንቱ የንግድ ጀልባ አሠራር በተሠሩ የእንጨት ጀልባዎች ላይ ማደር ነው። ሦስተኛው መኝታ ክፍልና የመጥለቂያ ዕቃ ያላቸው ትልልቅ ጀልባዎች ናቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትሄዱ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ይሁን። ምክንያቱም ዓሣው በሰዓት አይመጣም። ባሕሩ ላይ ያደረ ሰው ጎህ ሲቀድ፣ ነፋሱ ሳይነሳ፣ እቦታው ላይ ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን በጽሑፍ ጠይቁ። ስንት እንግዳ ይጫናል? ለእያንዳንዱ ሰው፣ ለልጆች ልክ የሚሆን ጭምር፣ ላይፍ ጃኬት አለ? የባሕር ሬዲዮ አለ? ወይስ በሞባይል ብቻ ነው የሚሠሩት? ኦክስጅንና የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን አለ? ሞተሩ ቢቆም ምን ይደረጋል? ነፋስ አላስወጣ ቢል ገንዘቡ ይመለሳል ወይስ ቀኑ ይሸጋገራል?

ሁለት ጥያቄዎች ደግሞ ስለ እንስሳቱ ናቸው። አንዱ፣ በአንድ ጊዜ ስንት ሰው ውኃ ውስጥ ታስገባላችሁ? ጥሩ መልስ ትንሽ ቁጥር ነው፤ ስድስት፣ ቢበዛ ስምንት። ሌላው፣ ዓሣው ሲታይ ጀልባው ምን ያደርጋል? ትክክለኛው መልስ "ፍጥነት እንቀንሳለን፣ ከርቀት እናቆማለን፣ ሰዎች ወደ ውኃው ሲገቡ ሞተሩን ከማርሽ እናወጣለን" ነው። በዚህ ባሕረ ሰላጤ የሚታዩት ብዙዎቹ ዌል ሻርኮች ሰውነታቸው ላይ በጀልባና በፕሮፔለር የተመቱበት ጠባሳ አለ። በዓሣው ላይ የሚደርሰውን የማይጠነቀቅ ካፒቴን ለእናንተም አይጠነቀቅም። "በእርግጠኝነት ታያላችሁ፣ ትነካላችሁ" የሚላችሁን ተዉት።

ሰባቱ ወንድማማቾች የሚባሉት ደሴቶች ያሉት ወደ ባብ ኤል መንደብ፣ ወደ ቀይ ባሕር መግቢያው ጠባብ የባሕር መተላለፊያ፣ በሚወስደው በኩል ነው። በጣም ያምራሉ ይባላል፣ እውነትም ነው። ማዕበሉና የውኃው ግፊት ግን ለጀማሪ አይሆንም። ለመጀመሪያ ጉዟችሁ ባሕረ ሰላጤው ውስጥ ቆዩ።

ደረጃ 5፦ ሻንጣው

ለስላሳ ቦርሳ ያዙ። ጎማ ያለው ደረቅ ሻንጣ ጀልባ ላይ ማስቀመጫ አያገኝም። ውኃ የማያስገባ ትንሽ ቦርሳ ለስልክ፣ ለፓስፖርትና ለመድኃኒት ይኑራችሁ። ኮፍያ፣ የፀሐይ መነጽር፣ የራስ መብራት፣ ለማታ ቀለል ያለ ጃኬት፣ ኦአርኤስ። የማቅለሽለሽ መድኃኒት ከፋርማሲ ግዙና ባለሙያውን አማክሩ። አብዛኛው የሚዋጠው ጀልባው ከመንቀሳቀሱ አንድ ሰዓት ያህል ቀድሞ ነው። አንዴ ማስመለስ ከተጀመረ ብዙም አይረዳም። ዝንጅብል የሚስማማችሁ ካላችሁ ያዙት።

ስንቅ የለመደ ሰው ጭኮ መያዝ ይፈልጋል። ባሕሩ ላይ ሙቀቱ ቅቤውን ስለሚያቀልጠው በሶና ዳቦ ቆሎ ይሻላሉ። ሚጥሚጣ ያዙ፤ ለምን እንደሆነ ታች እነግራችኋለሁ። ቡናውን ቆልታችሁና ወቅጣችሁ በደንብ አሽጉት። ለጀልባው ሠራተኞች ከጅማ ቡና የተሻለ ስጦታ የለም። ከሰል ግን አትያዙ። የእንጨት ጀልባ ላይ ፍም ማንደድ እሳት መጥራት ነው። ካፒቴኑን አስፈቅዳችሁ ወጥ ቤቱ ባለው ጋዝ ላይ አፍሉ።

ጫት ይዛችሁ ድንበር አትሻገሩ። ጅቡቲ ውስጥ ንግዱ በሥርዓት የተያዘ ነው። ጀልባ ላይም ቢገኝ የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ጎህ ሲቀድ መዋኘት ያለበትን ሰው ያዳክማል።

ደረጃ 6፦ መንገዱ

ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአውሮፕላን ከአባ ሰጉድ ኤርፖርት፣ በመኪና ደግሞ በወልቂጤ በኩል። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ጅቡቲ ቅርብ ናት። ጊዜ ያለው ሰው ግን በባቡር ይሂድ እላለሁ። ከፉሪ ለቡ ተነስቶ በአዳማ፣ በመኢሶና በድሬዳዋ አድርጎ በደወሌ ድንበሩን ይሻገራል። ጅቡቲ የሚደርሰው ናጋድ ጣቢያ ነው። ከ2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ወደ ባሕር ወለል ስትወርዱ ሰውነታችሁ ሙቀቱን ቀስ እያለ ይለምዳል። የመነሻ ቀኖቹ ስለሚለዋወጡ ቲኬት ስትቆርጡ አረጋግጡ።

ጀልባው ከሚነሳበት ቀን ቢያንስ አንድ ቀን ቀድማችሁ ድረሱ። ባቡር ዘግይቶ ጀልባው ጥሎት የሄደ ሰው የሚያደርገው የለም። ቋንቋ አያሳስባችሁ። ፈረንሳይኛ፣ አረብኛ፣ ሶማሊኛና አፋርኛ ይነገራል። ከተማው ውስጥ አማርኛም አፋን ኦሮሞም የሚሰማ ሰው ታገኛላችሁ።

ደረጃ 7፦ የመጀመሪያው ቀን፣ ሙሻና ማስካሊ

ጥሩ ካፒቴን በመጀመሪያው ቀን ወደ ዌል ሻርክ አይሮጥም። ሙሻና ማስካሊ የሚባሉት ደሴቶች ከከተማው ቅርብ ናቸው። ዙሪያቸውን ኮራል አለ፣ ሙሻ ላይ ማንግሮቭም፣ የባሕር ውኃ ውስጥ የሚበቅለው ዛፍ፣ አለ። ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጥበቃ የተጀመረላቸው ናቸው። ውኃው ጥልቀት የሌለውና የተረጋጋ ስለሆነ ማስካችሁንና ክንፋችሁን የምትሞክሩት እዚህ ነው።

ኮራል ድንጋይ ቢመስልም ሕይወት ያለው እንስሳ ነው። አትቁሙበት፣ አትያዙት። ዛጎልም አትልቀሙ፤ ክልክል ነው። ቀስ ብላችሁ ተንሳፈፉና አንድ ቦታ ላይ ቆዩ። መጀመሪያ የተደበቀው ነገር ሁሉ ተመልሶ ይወጣል። በቀቀን ዓሣ ኮራሉን ሲቆረጥም ድምፁ ይሰማል። ከስንጥቅ ውስጥ አንገቱን ያወጣ ሞሬይ ኢል፣ እባብ የሚመስል ዓሣ፣ ብታዩ አፉን የሚከፍተው ለመተንፈስ ነው፤ እጃችሁን ካላስገባችሁበት አይነካችሁም። የባሕር ኤሊ ስታዩ ከጎኗ ሆናችሁ ተከተሉ። ከላይዋ አትሁኑ፤ አየር ለመሳብ ወደ ላይ መውጣት አለባት።

በዚያው ምሽት ከጀልባው ክፍት ወለል ላይ ተኙ፤ ካፒቴኑ ከፈቀደ። የሚያቅለሸልሸው ሰው ጀልባው መሀል ላይ ይሁን። እዚያ መናወጡ አነስተኛ ነው። ስልክ አይመልከት፣ አድማሱን ይመልከት።

ደረጃ 8፦ ዌል ሻርኩ

በማግሥቱ ጀልባው በደቡቡ ዳርቻ ወደ ምዕራብ፣ ወደ አርታ ባሕር ዳርቻ ይሄዳል። ተራራው እስከ ውኃው ድረስ ይወርዳል። ባሕሩ እዚህ አረንጓዴና ድፍርስ ቢሆንባችሁ አትዘኑ። ድፍርሱ ፕላንክተን ነው፣ ዓሣውን ያመጣው እሱ ነው።

ከመግባታችሁ በፊት ስለ ፍጥረቱ ይህን እወቁ። ስሙ ሻርክ ቢሆንም ሰው አይበላም። አፉ ሰፊ ነው፣ ጥርሱ ግን ጥቃቅን ነው፤ ውኃውን አጣርቶ ነው የሚመገበው። ሙሉ ዕድገት ላይ ሲደርስ እስከ 18 ሜትር የሚረዝም አለ። ታጁራ ላይ የሚታዩት ግን በአብዛኛው ታዳጊ ወንዶች ናቸው፤ 4 ሜትር አካባቢ። ይህ ማለት የምታዩት ገና የሚያድግ ልጅ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በዓለም አቀፍ ደረጃ ለመጥፋት ከተቃረቡት ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። የምጠይቃችሁ ጥንቃቄ ሁሉ ከዚህ ይመነጫል።

አገባቡ እንዲህ ነው። ካፒቴኑ ከዓሣው ፊት ለፊት፣ በርቀት፣ ወደ ጎን አድርጎ ያቆማል። ማስካችሁን አጥልቃችሁ ጠርዙ ላይ ተቀመጡ። መሪው ሲል በእርጋታ ተንሸራትታችሁ ግቡ። አትዝለሉ። ድምፁ ያስደነግጠዋል፣ ወደ ጥልቁ ይወርዳል። ከገባችሁ በኋላ ፊታችሁን ውኃ ውስጥ አድርጉና ጠብቁ። ከድፍርሱ ውስጥ መጀመሪያ የሚታየው ነጫጭ ነጠብጣቡ ነው።

ከጎኑ ሆናችሁ ዋኙ። ከሰውነቱ ቢያንስ 3 ሜትር፣ ከጭራው 4 ሜትር ራቁ። ጭራው ሳያስበው ሊመታችሁ ይችላል። ፊት ለፊቱ አትሁኑ፣ መንገዱን አትዝጉ፣ አትንኩት፣ ፍላሽ አትጠቀሙ። እሱ ራሱ ወደ እናንተ ቢመጣ እጃችሁን ሰብስባችሁ ወደ ኋላ በሉ። ተሯሩጣችሁ አትደርሱበትም። ቀስ ብሎ የሚሄድ ቢመስልም አንድ የጭራ ምት ብዙ ያርቀዋል። ሲሄድ ተዉት። የሚበላ ከሆነ ተመልሶ ይዞራል።

ከጓደኛችሁ ጋር ሁኑ፣ በየጥቂት ደቂቃው ራሳችሁን ቀና አድርጋችሁ ጀልባው የት እንዳለ እዩ። ሌሎች ጀልባዎች በአካባቢው ካሉ ከመሪው አትለዩ። ሰው የሚጎዳው በዓሣው ሳይሆን በጀልባ ነው። በጣም ከደከማችሁ ወይም ትንፋሽ ካጠራችሁ በጀርባችሁ ተንሳፈፉና እጃችሁን አንሱ። ገንዳው ውስጥ የተለማመዳችሁት ለዚህ ነው።

አንድ ፎቶ ብቻ ማንሳት ካለባችሁ የግራ ጎኑን አንሱ፣ ከመተንፈሻ ስንጥቆቹ በስተኋላ ያለውን። ነጠብጣቡ እንደ ጣት አሻራ ነው፤ የሁለት ዓሣ አንድ አይሆንም።

ሳይታይ የሚውልበት ቀንም አለ። ለዚህ ነው ለዚህ ቦታ ሁለት ጠዋት መያዝ ያለባችሁ። ዶልፊኖች ከመጡ ደግሞ አትከተሏቸው። እነሱ ራሳቸው ከጀልባው አፍንጫ ፊት መዋኘት ይወዳሉ።

ደረጃ 9፦ ዓሣው ወጥ ቤት ሲገባ

ጅማ ላይ የምናውቀው ዓሣ ከግልገል ጊቤ የሚመጣው ቆሮሶ ነው። የባሕር ዓሣ ከሱ ይለያል። ሥጋው ጠንከር ይላል፣ አጥንቱ ትልልቅ ስለሆነ ለማውጣት ይቀላል። ጀልባው ሲጓዝ ከኋላ ገመድ ይጣልና ኪንግፊሽ፣ ቱና ወይም ባራኩዳ ይያዛል። መልሕቅ ከተጣለ በኋላ ደግሞ በእጅ መንጠቆ ግሩፐርና ስናፐር ይወጣል። ማጥመድ ከፈለጋችሁ ሠራተኞቹን ጠይቁ፤ በደስታ ያሳዩአችኋል። በጦር እየጠለቁ ማጥመድ በጅቡቲ የተከለከለ ነው።

ዓሣው እንደወጣ ደሙ መፍሰስ፣ ሆዱ መውጣትና በረዶ ውስጥ መግባት አለበት። በተለይ ቱና። ፀሐይ ላይ የቆየ ቱና ውስጥ የሚፈጠር መርዝ አለ፤ ብታበስሉትም አይጠፋም። ፊት ይቀላል፣ ራስ ምታትና ተቅማጥ ያመጣል። ስለዚህ በረዶው በቂ መሆኑን በመጀመሪያው ቀን በዓይናችሁ እዩ። ትልቅ ባራኩዳ ደግሞ ከኮራል የሚመጣ ሌላ መርዝ ሊይዝ ስለሚችል ይቅርባችሁ። ከገበያ የምትገዙ ከሆነ ዓይኑ የጠራ፣ የመተንፈሻ ስንጥቁ ውስጥ ቀይ፣ ስትጫኑት ሥጋው የሚመለስ፣ የማይሸት ይሁን።

አበሳሰሉ ላይ የጅቡቲን ሰው ተከተሉ። በየመኖች መንገድ የሚሠራው ዓሣ የታወቀ ነው። ዓሣው ለሁለት ተሰንጥቆ እንደ መጽሐፍ ይከፈታል። በርበሬ ይቀባል። ምድጃው ውስጥ በኃይለኛ እሳት ይጠበሳል፣ ቆዳው ጠቆር እስኪል። ከምድጃው በወጣ ሰፊ ቂጣ እየተጠቀለለ በእጅ ይበላል። ይህን ከተማው ውስጥ፣ ከጀልባው በፊት ወይም በኋላ ብሉት። ጀልባ ላይ እንዲህ ያለ ምድጃ ስለሌለ በፍርግርግ ብረት ይጠበሳል ወይም በቲማቲምና በሽንኩርት ይቀቀላል፣ በሩዝ ይቀርባል። ሎሚ ጭመቁበትና ሚጥሚጣችሁን አውጡ። ትኩስ ግሩፐር በሎሚና በሚጥሚጣ፣ ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ የባሕር ምግብ የለም።

ሎብስተር፣ ሽሪምፕና ካላማሪም ይቀርባሉ። እዚህ ላይ ቀድማችሁ ወስኑ። ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ክንፍና ቅርፊት የሌለውን አይበላም። በሙስሊሞችም ዘንድ ሽሪምፕን በመሰሉት ላይ በመዝሀቦች (በሃይማኖቱ የሕግ ትምህርት ቤቶች) መካከል ልዩነት አለ። ምርጫችሁን ስትመዘገቡ ጻፉላቸው፣ በተለየ ድስት እንዲሠራላችሁም ጠይቁ። ሃይማኖቱ የማይከለክለው ሰውም በልቶ የማያውቅ ከሆነ በጥቂት ይጀምር። የሽሪምፕ አለርጂ ያለበት ሰው ጅማ ላይ ሆኖ ሊያውቀው አይችልም፤ ባሕር መሀል ደግሞ ሐኪም የለም።

እንቁላል የተሸከመች ሎብስተር ከወጣች መልሱልኝ በሉ። የሻርክ ሥጋ፣ የሻርክ ክንፍና የኤሊ ሥጋ ቢቀርብላችሁ እምቢ በሉ። ጠዋት እያዩ የተደነቁበትን ማታ በሳህን መቀበል አይሆንም።

ውኃ በብዛት ጠጡ። ለምዶብን የምንጠጣው መጠን በዚያ ሙቀት አይበቃም።

ደረጃ 10፦ ጉቤትና ታጁራ

ባሕረ ሰላጤው በምዕራብ ጫፉ ጠባብ በር አለው። ከበሩ ወዲያ ጉቤት ይባላል። ዙሪያው ገደል ነው፣ መሀሉ ላይ ከእሳተ ገሞራ የተፈጠሩ ጉብታዎች ብቅ ብለዋል። በበሩ ላይ ውኃው በኃይል ይገባል፣ ይወጣል። እዚያ አትዋኙ። ካፒቴኑ ሰዓቱን ጠብቆ ያልፈዋል። ከጉቤት ወዲያ ባለው መሬት ላይ አርዱኮባ የሚባለው እሳተ ገሞራ በ1978 እ.ኤ.አ. ፈንድቷል። የአሳል ሐይቅ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ላይ ነው፤ በአፍሪካ ዝቅተኛው ቦታ። ውኃው ከጉቤት በመሬት ስንጥቅ ውስጥ ለውስጥ የሚመጣ የባሕር ውኃ ነው። ቀን ካላችሁ በመኪና ይታያል።

በመጨረሻው ቀን ወደ ሰሜኑ ዳርቻ ተሻገሩ። ታጁራ ነጫጭ ቤቶችና መስጊዶች ያሏት ጥንታዊ ወደብ ናት። ከሸዋ የሚወርደው የቅፍለት ንግድ መዳረሻዋ ነበረች። ወደ ከተማው ስትገቡ ሸፈን ያለ ልብስ ልበሱ። በአቅራቢያዋ ያለው ነጭ አሸዋ ዳርቻ ላይ ኮራሉ ከባሕሩ ጠርዝ ስለሚጀምር መዋኘት ያልቻሉትም በላይፍ ጃኬት ይደርሱበታል።

ደረጃ 11፦ መመለስ

በስኖርክል ብቻ ከዋኛችሁ በፈለጋችሁት ሰዓት መሳፈር ትችላላችሁ። በአየር ጋን የጠለቀ ሰው ግን ለመጨረሻ ጊዜ ከጠለቀ በኋላ 24 ሰዓት ሳይሞላ አውሮፕላን አይሳፈር። ይህ ለባቡርም ይሠራል። አዲስ አበባ ከፍታዋ ትልቅ ነው፣ ጅማም ከ1,700 ሜትር በላይ ናት። በደም ውስጥ የቀረው ናይትሮጅን ወደ ከፍታ ሲወጣ አረፋ ይሠራል። ያን ቀን ከተማው ውስጥ አሳልፉት፤ የየመኖቹን ዓሣ የምትበሉበት ቀን እሱ ይሁን።

ማስካችሁን በንጹሕ ውኃ አጥባችሁ ጥላ ሥር አድርቁት። ጨው ጎማውን ይበላዋል። ለካፒቴኑና ለሠራተኞቹ ጉርሻ ስጡ፤ ዓሣውን ሳይረብሹ ካሳዩአችሁ ጨመር አድርጉና ምክንያቱን ንገሯቸው። የግራ ጎን ፎቶ ያላችሁ ደግሞ ቀኑንና ቦታውን ጽፋችሁ ሻርክቡክ ወደሚባለው የዓለም አቀፍ መዝገብ በኢንተርኔት ላኩት። ኮምፒውተሩ ነጠብጣቡን ከሌሎች ጋር ያስተያያል። ያ ዓሣ ከዚህ በፊት ተመዝግቦ ከሆነ የት እንደታየ ይነግራችኋል፤ አዲስ ከሆነም ቁጥር ይሰጠዋል።